ቦዬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ለማን ተቀመጠ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የማስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቦዬ ናቸው። ቦዬ፣ በእንግሊዝኛ ያም የሚባለው ሥራሥር፣ የእኛ የምሥራቁ አገር ምግብ አይደለም፤ ቀፊራ ገበያ ጎልቶ የሚታየው ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ድንችና ስኳር ድንች ነው። ነገር ግን ድሬዳዋ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። የወላይታው፣ የጋሞው፣ የዳውሮው ሰው ሲመጣ ቦዬውን ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄውም አብሮት ይመጣል። ባዮሎጂ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ፕሮቲን ከየት ይገኛል ሲባሉ ሥጋ፣ እንቁላልና ባቄላ ብለው ያቆሙ ነበር። መሬት ውስጥ ስላለው ፕሮቲን የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ስለሚያስደስተኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ሶዶ ነው፤ አሁን የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እናቴ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር ቦዬ ትልክልኛለች። የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጄን ቀቅዬ በቅቤ አበላታለሁ፤ በጣም ትወደዋለች። እናቴ «ቦዬ ሥጋ ይሆናል፣ ጉልበት ይሰጣል» ትላለች። ልጄን ለክትባት የወሰድሁ ጊዜ ግን አንዲት ባለሙያ «ሥራሥር ፕሮቲን የሚባል ነገር የለውም፤ ተዪው» አለችኝ። ማንን ልስማ?
እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ ቦዬውን አትተዪው፤ ብቻውን ግን አታብያት። ባለሙያዋ «የለውም» ማለቷ ልክ አይደለም። ያለው ግን ትንሽ ነው፤ ስጋቷም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ስጋቱ ደግሞ ተገቢ ነው።

100 ግራም ጥሬ ቦዬ ብትወስጂ 70 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። 28 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው፤ አብዛኛውም ስታርች ነው። ፕሮቲኑ 1.5 ግራም ያህል ነው። ድንች ወደ 2 ግራም፣ ስኳር ድንች 1.6፣ ካሳቫ 1.4 ግራም ያህል አላቸው፤ ስለዚህ ቦዬ ከሌሎች ሥራሥሮች አያንስም። ልዩነቱ የሚጎላው ጥራጥሬ አጠገቡ ሲቀመጥ ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል።

በልጅሽ ዕድሜ ላለች ሕፃን በቀን የሚመከረው ፕሮቲን 13 ግራም ገደማ ነው። ይህን ከቦዬ ብቻ እናግኝ ካልን በቀን 850 ግራም ያህል መብላት አለባት። የእርሷ ትንሽ ሆድ ይህን አይችልም፤ ቢችልም ለሌላ ምግብ ቦታ አይኖርም።

ሌላም ነገር አለ። በምግብ ሠንጠረዥ ላይ «ፕሮቲን» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑ ራሱ ተመዝኖ የተገኘ አይደለም። ዮሐን ኬልዳል የተባለው የዴንማርክ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1883 ኮፐንሀገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ባወጣው ዘዴ በምግቡ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ይለካል፤ ከዚያ በ6.25 ይባዛል። በሥራሥር ውስጥ ግን ከናይትሮጅኑ ቀላል የማይባለው ክፍል ገና ፕሮቲን ያልሆኑ ነጠላ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች፣ እና ሌሎች ውሕዶች ናቸው። ስለዚህ 1.5 የሚለውን ቁጥር እንደ ጣሪያ ውሰጂው። በዚያ ላይ የቦዬ ፕሮቲን ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ሜቲዮኒንና ሲስቲን፣ ያንሱታል። እነዚህ ለጥራጥሬም እጥረቱ ናቸው፤ በዚህ ምክንያት ከቦዬና ከምስር በላይ እንቁላል፣ ወተት ወይም እንደ ጤፍና ማሽላ ያለ እህል ብትጨምሪበት ነው ገበታው የሚሟላው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። በቀን ውስጥ 150 ግራም የተቀቀለ ቦዬ ስጫት፤ ከዚህ 2 ግራም ያህል ፕሮቲን ታገኛለች። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞልቶ ከላዩ ያለፈ፣ 50 ግራም የሚሆን በደንብ የበሰለ ምስር አብረሽ ፍጪው፤ 4.5 ግራም ይጨምራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። ሲደመር ወደ 13 ደረሰልሽ፤ ገና ወተቱንና እንጀራውን አልቆጠርንም። እንቁላል በማይገኝበት ቀን ድሬዳዋ የግመል ወተት አታሳጣሽም፤ አፍልተሽ ስጫት። ጠዋት ፉል የሚሠራ ጎረቤት ካለሽ ቅመም ሳይገባበት ጥቂት አስቀሪላትና ከቦዬው ጋር ደባልቂው። ቅቤውን አትከልክያት፤ ጉልበት ይጨምርላታል።

እናትሽ «ጉልበት ይሰጣል» ማለታቸው ፍጹም ትክክል ነው፤ 100 ግራም ቦዬ 118 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። የልጅሽ የእግሯ ጀርባ ቢያብጥ፣ ጸጉሯ ቢሳሳ ወይም ፊቷ ቢነፋና ድብርት ቢይዛት ግን ምግብ በማስተካከል ጊዜ አታጥፊ፤ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ውድ መምህርት፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ክምችት ፕሮቲን ስንማር የሚጠቀሱልን ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ ብቻ ናቸው። ቦዬ ዘር አይደለም፤ ታዲያ ለምን ፕሮቲን ያከማቻል? የትኛው ጂን ነው የሚሠራው? ጂኑን አብዝቶ ቦዬን እንደ ባቄላ ማድረግስ አይቻልም?

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስቱም ጥያቄዎችህ በቅደም ተከተል ትክክለኛ ናቸው፤ በዚያው ቅደም ተከተል ልሂድ።

ቦዬ ሐረጉ በበጋ የሚደርቅ ተክል ነው። ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ይሞታል፤ የምንበላው ወፍራሙ ሥር ብቻ አፈር ውስጥ ወራት ይቀመጣል። ዝናብ ሲመለስ ቡቃያው ሲወጣ ቅጠል የለውም፣ ከአፈር ናይትሮጅን የሚስብ ብርቱ ሥርም የለውም። ስታርቹ ጉልበት ይሰጠዋል፤ በስታርች ውስጥ ግን አንዲት የናይትሮጅን አቶም የለችም። አዲስ ቅጠል፣ አዲስ ኤንዛይም፣ አዲስ ክሮሞዞም ያለ ናይትሮጅን አይሠራም። ስለዚህ ተክሉ ቅጠሉ ሳይደርቅ አሚኖ አሲዶችን በፕሮቲን መልክ ሰፍቶ በህዋሶቹ ቫኪዩል፣ ማለትም በማከማቻ ከረጢታቸው፣ ውስጥ ያስቀምጣል። ስንቅ ማለት ነው፤ ለመንገድ የተቋጠረ። ቡቃያው ሲነሣ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኤንዛይሞች ስንቁን ፈትተው ያቀርቡለታል። የተቋጠረው ለእኛ አይደለም፤ መጠኑም በቡቃያው ፍላጎት ልክ እንጂ በሕፃን ልጅ ፍላጎት ልክ አይደለም። ይህን ከያዝህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ መልስም ትረዳዋለህ።

ወደ ጂኑ እንምጣ። የቦዬ ዋናው ክምችት ፕሮቲን ዳዮስኮሪን ይባላል። ክብደቱ 31,000 ዳልተን አካባቢ ነው (ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው)፤ በአንዳንድ የቦዬ ዝርያዎች በውኃ ከሚሟሟው ፕሮቲን ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እርሱ ነው። የድንቹ ፓታቲን ይባላል፤ 40,000 ዳልተን ገደማ፣ ከሚሟሟው ፕሮቲን እስከ 40 በመቶ። የስኳር ድንቹ ስፖራሚን ነው፤ 25,000 ዳልተን ገደማ፣ ከ60 እስከ 80 በመቶ።

ሦስቱም በአንድ ገበያ፣ በአንድ መደብ ላይ ተዘርግተው ታገኛቸዋለህ፤ ሦስቱም ከመሬት የሚቆፈሩ ናቸው። ፕሮቲኖቻቸው ግን ዝምድና የላቸውም! የስንዴ፣ የገብስና የበቆሎ ክምችት ፕሮቲኖች በአብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሥራሥሮች ላይ ስትደርስ እያንዳንዱ ተክል ለሌላ ሥራ ይውል የነበረን ጂን ወስዶ፣ አባዝቶ፣ ለክምችት ሲያውለው ታያለህ። ፓታቲን ቅባት የሚቆርጥ ኤንዛይም ነው፤ ዛሬም ያንን ሥራ ይችላል። ስፖራሚን ትሪፕሲን የተባለውን የሆድ ኤንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን ነው፤ ቅጠል ሲቆስል የስፖራሚን ጂን ይነሣል፣ የሚበላውንም ትል ይጎዳል። ስኳር ድንች ጥሬውን እንዳይበላ የምንመክርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መቀቀል አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰብረዋል።

ዳዮስኮሪን ደግሞ የካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ዘመድ ነው። ይህ ኤንዛይም አሁን ይህን ስታነብ በቀይ የደም ህዋሶችህ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃ ጋር እያጣመረ ወደ ባይካርቦኔት እየለወጠልህ ነው። ለሥራው በመሐሉ የዚንክ አቶም ያስፈልገዋል፤ ዚንኩን የሚይዙት ሂስቲዲን የተባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ናቸው። በአንዳንድ ዳዮስኮሪኖች ውስጥ ከሦስቱ ሂስቲዲኖች መካከል በሌላ አሚኖ አሲድ የተተካ አለ። ዚንክ መያዣው ከተበላሸ ኤንዛይሙ ሥራ ይፈታል፤ ቅርጹ ግን ይቀራል፣ አሚኖ አሲዶቹም ይቀራሉ። ለስንቅነት ደግሞ የሚፈለገው እነርሱ ናቸው። ይህን ጉዳይ ሳስተምር ድምፄ ከፍ ይል እንደነበር ተማሪዎቼ ያስታውሳሉ፤ ዛሬም ያው ነኝ። ዝግመተ ለውጥ አዲስ ነገር ከባዶ እንደማይሠራ፣ ያለውን እንደሚያሻሽል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የዳዮስኮሪን ጂን አንድ ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ የሆኑ ጂኖች ቤተሰብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዲዮስኮሪያ ካየኔንሲስ በተባለው የቦዬ ዝርያ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሁለት መደብ፣ ሀ እና ለ ብለው ከፍለዋቸዋል። ጂኖቹ በህዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ ፕሮቲን ሲሠራ በመነሻው ላይ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት አለችው፤ የአድራሻ ምልክት ናት፤ ፕሮቲኑን ወደ ቫኪዩሉ ከሚወስደው መንገድ ታስገባውና ራሷ ተቆርጣ ትቀራለች። ጂኑ ቅጠል ውስጥም አለ፤ በብዛት የሚሠራው ግን ሥሩ ላይ ነው። ምን ይቀሰቅሰዋል ብትል፣ በድንችና በስኳር ድንች ላይ ጥሩ መልስ አለን፦ ስኳር። የፓታቲንም ሆነ የስፖራሚን ጂን ሱክሮስ ሲበዛ ይነሣል፤ የስኳር ድንች ቅጠል ተቆርጦ የስኳር ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ቅጠሉ ስፖራሚን መሥራት ይጀምራል። ሱክሮስ ሲጎርፍ «ትርፍ አለ፣ አስቀምጥ» ማለት ነው።

የቦዬ ሙሉ የዘር መረጃ ሲነበብ የአገራችን ሰው በግንባር ቀደምትነት እንደነበረ ደግሞ እወቅልኝ። ዶክተር ሙሉነህ ታምሩ ለዶክትሬቱ ያጠናው የደቡብ ኢትዮጵያን ቦዬ፣ ገበሬዎቹም ዝርያዎቻቸውን እንዴት እንደሚይዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የምዕራብ አፍሪካው ነጭ ቦዬ ጂኖም ሲታተም የጥናቱ የመጀመሪያ ስም የእርሱ ነው። ወደ 594 ሚሊዮን ፊደላትና ከ26,000 በላይ ጂኖች ተነበቡ፤ ወንዴውንና ሴቴውን ተክል ገና በችግኝነቱ የሚለይ ምልክትም ተገኘ፤ ቦዬ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነውና። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ያ ነጭ ቦዬ የሁለት የዱር ዝርያዎች ድቅል ነው ብሏል፤ አንደኛው ዲዮስኮሪያ አቢሲኒካ ነው። በእኛው አገር ስም የተጠራው ይህ የዱር ቦዬ በአገራችንም ይበቅላል።

ሦስተኛው ጥያቄህ «አብዝተን እንደ ባቄላ እናድርገው» የሚል ነው። ጂን ወደ ድንች በማስገባት ፕሮቲኑን ከፍ ያደረጉ አሉ። የሕንድ ተመራማሪዎች ከአማራንተስ ዘር የተወሰደ ጂን ወደ ድንች አስገብተው የድንቹን ፕሮቲን እስከ 60 በመቶ መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። 60 በመቶ ትልቅ ቁጥር ይመስላል፤ ግን 2 ግራም በ60 በመቶ ሲያድግ 3.2 ግራም ነው። ባቄላ አይሆንም። ባቄላ ሥሩ ላይ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች አሉት፤ ቦዬ በራሱ እንዲህ ያለ የተደራጀ ቤት የለውም። የጂኑ ቁጥር ቢበዛም አፈሩ ናይትሮጅን ካልሰጠ ፕሮቲኑ ከምን ይሠራል? እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ ከጂኑ በፊት የገበሬዎቻችን እጅ ላይ ያሉትን የቦዬ ዝርያዎች አንድ በአንድ አስለካ ነበር፤ በፕሮቲን መጠናቸው ይለያያሉና። ይህን ሥራ ወደፊት አንተ ብትሠራው ደስ ይለኛል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከደጃፍህ ነው።

እስከዚያው በዓይንህ እንድታየው በድንች ልጀምርህ። ሁለት ድንች ልጠህ ፈቅፍቅ፤ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ አሽተህ በንጹሕ ጨርቅ ጭመቀው። ፈሳሹን እንዳይነቃነቅ አስቀምጠው፤ ነጩ ስታርች ከሥር ይዘቅጣል። ከላይ የቀረውን ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጥና አሙቀው። ከመፍላቱ በፊት ይደፈርሳል፣ ከዚያ ቁርጥራጭ ሆኖ ይረጋል። ያ የረጋው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ፓታቲንም በውስጡ አለ። ማረጋገጥ ብትፈልግ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ፣ መምህርህ ባሉበት፣ ካልሞቀው ፈሳሽ ላይ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየውን የባዩሬት ምርመራ አድርግ፤ ሰማያዊው ወደ ወይን ጠጅነት ሲያደላ ታየዋለህ። ቦዬ ስለሚያዝለገልግ ለመጥለል ያስቸግራል፤ ለዚህ ነው በድንች ያስጀመርሁህ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ የወር አበባዋ መቆም ከጀመረ ወዲህ ሙቀት እየወረራት እንቅልፍ አጥታለች። እዚህ ሐረር አንድ ሻጭ የዱር ቦዬ ዱቄት በእንክብል አድርጎ ያቀርባል። በውስጡ ያለው ፕሮቲን ሰውነት ሲገባ የሴት ሆርሞን ይሆናል ይላል። ልግዛላት?
ባል፣ ከሐረር

መልስ፦ አይግዙ፣ ወንድሜ። የተበላ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈታል እንጂ የሴት ሆርሞን አይሆንም። ሻጩ ያምታታው ነገር ከየት እንደመጣ ግን ልንገርዎ፤ መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በአንዳንድ የዱር ቦዬዎች ውስጥ ዳዮስጄኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ፕሮቲን ሳይሆን ከስቴሮይድ ወገን ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ራስል ማርከር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ ይህን አውጥቶ በተከታታይ የኬሚካል እርምጃዎች ወደ ፕሮጄስቴሮን ለወጠው። በዚህም የተነሣ የሆርሞን መድኃኒት ዋጋ በጣም ወደቀ። ነገር ግን ያ ለውጥ የተካሄደው በቤተ ሙከራ ነው። የሰው ልጅ ሰውነት ዳዮስጄኒንን ወደ ፕሮጄስቴሮን የሚለውጥ ኤንዛይም የለውም። ስለዚህ እንክብሉን ብትውጠው የሻጩ ተስፋ አይፈጸምም።

አደጋም አለው። ከቦዬ ወገን አንዳንዶቹ መርዛም ናቸው፤ እስያ ውስጥ የሚበቅለው ዲዮስኮሪያ ሂስፒዳ ተከትፎ ለረጅም ጊዜ ካልተዘፈዘፈ ሰው ይጥላል። ዱቄት ከሆነ በኋላ የትኛው ዝርያ እንደሆነ እርስዎም ሻጩም አታውቁትም። ባለቤትዎ የምትሠቃይበት ሙቀትና የእንቅልፍ ማጣት ግን «የዕድሜ ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የታወቀ ሕክምና አለው። ለእንክብሉ ያሰቡትን ገንዘብ ይዘው አብረዋት ወደ ሐኪም ይሂዱ። አብረዋት መሄድዎ ራሱ ይጠቅማታል፤ ብዙ ሴቶች ይህን ብቻቸውን ይዘው ስለሚሠቃዩ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ከአርባ ምንጭ የመጣልኝን ቦዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባስቀምጠው ውስጡ ጠቆረ፤ ውጭ የተውሁት ደግሞ በቀለ። ስልጠውም እጄን ያሳክከኛል። ምን ላድርግ?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ቦዬ የሞቃት አገር ሰብል ነው፤ ከ12 ዲግሪ በታች ሲሆን ህዋሶቹ ይጎዳሉ፣ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡት። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ቶሎ እንዲበቅል ይገፋዋል። ከቤትዎ ቀዝቀዝ ያለውን፣ አየር የሚገባበትን ጨለማ ቦታ ይምረጡ፤ አንዱ ከሌላው ሳይነባበር በእንጨት ወይም በሣር ላይ ይደርድሩት፤ ቡቃያ ባዩ ቁጥር ይስበሩለት። ሐረር ላይ ዘመድ ካለዎት እዚያ ቢቀመጥ ይቆያል። የበቀለው ይበላል፤ ነገር ግን ቡቃያው ስታርቹንም ፕሮቲኑንም እየሳበ ስለሆነ በዘገየ ቁጥር ይሟሽሻል።

የሚያሳክክዎት በመርፌ ቅርጽ ያሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ናቸው። ጓንት ያድርጉ፤ ወይም ከነልጣጩ ቀቅለው ሲበርድ ይላጡት። በዚህ መንገድ በውኃው የሚሄደው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ግቢ ካለዎት በጣም የበቀለውን ጫፍ ቡቃያው ሳይሰበር ወፍራም አድርገው ቆርጠው የቁስሉ ፊት እስኪደርቅ ጥላ ሥር ያቆዩትና ይትከሉት፤ ውኃ ሳይለየው፣ የሚወጣበት ረጅም እንጨት አጠገቡ ይቸከልለት።